ያልወደቀ አይለካም

የወደቅኩት ወሬ መሃል ነው። ባለሱቋ ደጃፍ ቆሜ፣ የደላላው ሚስት ሻንጣዋን አንጠልጥላ ማን ቤት እንደገባች ለሴቶቹ ስነግር፣ ልክ ስሙ ላይ ስደርስ ምላሴ ከዳኝ። ልናገር እላለሁ፣ አፌ ባንድ ወገን ተንጠልጥሎ ቃሉን ያኝከዋል። ሴቶቹ ስለሚያውቁኝ በሰውዬው አነጋገር የማሾፍ መስሏቸው በሳቅ ፈረሱ። የደነገጡት ጉልበቴ ሲታጠፍ ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ፣ እንደ ክር የቀጠነችው፣ መቀሷን እንደያዘች ሮጣ መጥታ ከመሬት አንስታ ታክሲ ውስጥ ከተተችኝ ይሉኛል። እኔ አላስታውስም። የማስታውሰው ስሙን ሳልናገር መቅረቴን ነው።

ድንገተኛ ክፍል አንዷ ነርስ የግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ጠምጥማ ነፋችው፣ አስተነፈሰችው፣ መልሳ ነፋችው፣ ከዚያ ዶክተሩን ጠራች። ዶክተሩም ነፍቶ አይቶ ሌላ ዶክተር ጠራ። በሠርጌ ቀን እንኳ እንዲህ ተጠራርቶ የመጣልኝ ሰው የለም። አመሻሽ ላይ ምላሴ ሲመለስልኝ ዶክተሩ አልጋዬ ጫፍ ቁጭ ብሎ፣ የደም ግፊቴ ጣራ ነክቶ እንደነበር፣ ይሄኛው ማስጠንቀቂያ ብቻ እንደሆነ፣ ኪኒኔን በየቀኑ ካልዋጥኩ ግን በሚቀጥለው አፌ ሄዶ ሊቀር እንደሚችል ነገረኝ። ይሞታሉ ቢለኝ እንዲህ ባልደነገጥኩ። ሰው አፉን ይዞ ይሞታል እንጂ አፉን ቀድሞ ይቀብራል እንዴ?

ልጄ መጣ። ያለኝ አንድ እሱ ነው። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ አባቱ ከሞተ ጀምሮ እዚያ ሊያስገባኝ ይጎተጉተኛል። ሚስቱ ክፉ አይደለችም፣ እግዜር ይስጣት፤ ልጆቹም ነፍሴ ናቸው። ግን እዚያ ፎቅ ሰው ከሰው ደረጃ ላይ ሲገናኝ የሚያየው ስልኩን ነው። ባለፈው ሰንብቼ ስመለስ ስለ ጎረቤቶቹ ያወቅኩት ነገር ቢኖር በራቸው ቡኒ መሆኑን ነው። እዚያ ከምኖር አፌ ቢሄድስ ምን ይጎድልብኛል፤ ከማን ጋር ላወራበት?

ተጨቃጨቅን። እሱ ቤቱን ለአከራዩ አስረክበሽ ዛሬውኑ ትመጫለሽ አለ፣ እኔ ሬሳዬን ነው የምትወስደው አልኩ፣ ነርሷ ደግሞ ግፊቷን እየጨመርክባት ነው ብላ ልጄን ወደ ኮሪደሩ ገፋችው። በመጨረሻ ዶክተሩ ገላገለን። ሆስፒታሉ ከድንገተኛ ክፍል የወጡ ባለግፊቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ የሚከታተሉ የሰፈር ጤና ሠራተኞች አሉት፤ አንዷን ሊመድብልኝ ሆነ። ልጄም የልጆቹ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ሊታገሰኝ ተስማማ። እስከዚያ ግፊቴ ወርዶ ከተገኘ ቤቴ እቆያለሁ፤ ካልወረደ ፍራሼን ጭኖ ይወስደኛል። እሺ አልኩ። ምን ላድርግ፣ ተኝቶ የሚደራደር ሰው መቼም ቀንቶት አያውቅም።

የተመደበችልኝ ሴት አንድ ወፍራም ጥቁር ቦርሳ ከትከሻዋ አይለይም። ሰፈሩ ባለቦርሳዋ ይላታል፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ ትመጣለች፣ ግን መጥታ ወዲያው አትለካም። መጀመሪያ ወንበር ላይ ታስቀምጠኛለች፣ ጀርባዬን ታስደግፈኛለች፣ እግሬን ከእግሬ ላይ ታስወርደኛለች፣ ክንዴን ጠረጴዛ ላይ ታሳርፈዋለች፣ ከዚያ ዝም ይበሉ ትለኛለች። እሷም ዝም ብላ መሬት መሬቱን ታያለች። እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም፤ ሰው ቤት ገብቶ ምንም ሳይጠይቅ፣ ምንም ሳይነግር ቁጭ የሚል ፍጥረት።

መጀመሪያ ሰሞን አልቻልኩበትም። እሷ ስትነፋ እኔ ስለ አከራዩ ልጅ እጀምራለሁ፤ እሷ ፍስስ ታደርገውና እንደገና ሀ ብላ ትነሳለች። ሲያወሩ ይጨምራል እማማ፣ አለችኝ። ታዲያ ዕድሜዬን ሙሉ ሲጨምር የኖረው በዚህ ነዋ፣ አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷ ያምራል፣ ግን አላገባችም፤ ለምን እንዳላገባች ለማውጣት ብዙ ደከምኩባት፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እንዲህ የሚጠብቅ አፍ ያላት ሴት ለእኔ መላኳ ቅጣት ነው ብዬ ነበር።

ጨዌን ወሰደችብኝ። ጨው የሌለው ምግብ ሐሜት እንደሌለው ጎረቤት ነው፤ ይጠቅማል ይባላል እንጂ አይጣፍጥም። ቢሆንም በላሁት። ጠዋት ጠዋት በእግሬ እንድሄድ አዘዘችኝ፤ ይሄንንስ ወደድኩት፣ ሰው ሳይነሳ ዞሬ ስመለስ የማን መብራት ሳይጠፋ እንዳደረ የማላውቀው የለም። ግፊቴ ግን አልወርድ አለ። አንድ ሳምንት ደህና ይሆናል፣ በሚቀጥለው ተመልሶ ይሰቀላል። ባለቦርሳዋ የኪኒኑን ማሸጊያ አገላብጣ ታያለች፤ ፍሬው እንደታዘዘው በየቀኑ እየጎደለ ነው። ግራ ገባት። ለዶክተሩ ነግሬ መጠኑን ላስጨምርልዎ ይሆናል አለችኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

ፍሬው መጉደሉን ይጎድላል። ግን አንድ ቀን የምውጠው እኔ ነኝ፣ አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። እኔንና ልብስ ሰፊዋን የሚለየን አንድ ቀጭን ግድግዳ ነው። እሷ የስፌት መኪናዋን ስታንቀጠቅጥ መደርደሪያዬ ላይ ያለው ኩባያ ይደንሳል። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ያለቻት ያቺ መኪና ናት፤ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ትሰፋባታለች። እሷም ግፊት አለባት። ድሮ አንድ መድኃኒት ቤት ለክተዋት ከፍ ብሏል፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ ብለዋት ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዳ ቀኑን ሙሉ ተሰልፋ ነገ ተመለሺ ስትባል፣ ነገ የሚደርስ ልብስ ነበራትና በዚያው ቀረች። ባለቦርሳዋ ወደኔ ስትመጣ አይታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች፣ እኔንም ለኪኝ አለቻት።

ባለቦርሳዋ ፊቷ ቀላ። ክፋት የላትም። እነሱ ጥቂት ሴቶች ናቸው፣ ሰፈሩ ደግሞ እንደ አሸዋ ነው፤ ማንን እንደሚያዩ የሚወስነው አለቃቸው ነው። እጠይቅልሻለሁ ብላ ሄደች። በሚቀጥለው ስትመጣ አንገቷን ደፍታ፣ ከድንገተኛ ክፍል የወጣ ሰው ብቻ ተብሏል፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ አለቻት።

«መጀመሪያ ልውደቅላችሁ ማለት ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

እጅጌዋን አውርዳ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። እስኪመሽ አንቀጠቀጠችው፤ ስትናደድ ፈጥና ነው የምትሰፋው።

ያን ቀን ነው ኪኒኔን ያካፈልኳት። ክብሪት ሲያልቅ ክብሪት፣ ስኳር ሲያልቅ ስኳር ስንዋዋስ የኖርን ሰዎች ነን። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባል የለ? ከመሬት ያነሳችኝን ሴት ግድግዳ ማዶ ትቼ እኔ ብቻዬን ልዋጥ? አንድ ሰው ሙሉ ለሙሉ ከሚድን ሁለት ሰው እኩል እኩል ይዳን አልኩ። ሒሳቡ ልክ መሰለኝ።

ሳሉ የጀመራት ከዚያ በኋላ ነው። ደረቅ ሳል፤ አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፣ ጉሮሮዋን ላባ የሚኮረኩራት ይመስል ኽ ኽ ስትል ትውላለች። ማር ሞከረች፣ ዝንጅብል ሞከረች፣ ሻርፕ ጠመጠመች። መኪናዋ ሲቆም ሳሏ፣ ሳሏ ሲቆም መኪናዋ። ይሄኔ ባለሱቋ ሥራ አገኘች። ባለሱቋን ሐሜት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ግን ተማሪ ሲያድግ አስተማሪውን አያማክርም። ሴትዮዋ ሳንባዋን ታማለች፣ የልጆቻችሁ ልብስ ላይ ነው የምትስለው ብላ አስወራች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ልብስ ሰፊዋ ምንም አልሰማችም። ያየችው ሰው በሯ ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ፣ ሐሳቤን ለውጫለሁ፣ ጨርቄን ስጪኝ ሲላት ነው። ያልተቆረጠ ጨርቅ ሁሉ ተወሰደባት። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ሰውዬ ራሱ የደንብ ልብሱን ሊወስድ መጣ፣ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ። ያኔ ገባት። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ግድግዳው ማዶ መኪናዋን ስትረግጠው ሰማሁ፤ ጨርቅ የሌለበት መኪና ድምፁ ሌላ ነው፣ ጥርስ እንደማፋጨት ነው።

በማግስቱ ባለቦርሳዋ መጣች። ተቀመጥኩ፣ እግሬን አወረድኩ፣ ዝም አልኩ። እኛ ዝም ስንል ማዶዋ፣ ኽ ኽ ኽ። ባለቦርሳዋ ቀና አለች። መንፋቷን ትታ መለኪያውን ከክንዴ ላይ ፈታችው።

«እማማ፣ ጎረቤትዎ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትስለው?»

«ብርድ ነው።»

«የማንን ኪኒን ነው የምትውጠው?»

እንግዲህ እኔ በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ አብዛኛውም ያምርብኛል። ያን ቀን ግን አፌን ስከፍተው የወጣው «የኔን» የሚል ነው።

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ መልስ ነበረኝ። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ ይሄ ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ደረቅ ሳል እንደሚያመጣ፣ ሳንባ እንዳልሆነ፣ ሲያቆሙት ቀስ እያለ እንደሚተው አስረዳችኝ። ለእሷ የሚስማማ ሌላ ዓይነት አለ፣ ግን ሐኪም አይቶ ነው የሚያዘው። መካፈላችን ደግሞ ሁለታችንንም አያድነንም፤ ግፊቱ አንድ ቀን እየተያዘ አንድ ቀን ሲለቀቅ ሁለታችንም መውደቂያችንን እየጠበቅን ነው። እኔ እኮ መጠኑን ላስጨምርልዎ ነበር አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። ለካ የደነገጥኩት እኔ ብቻ አይደለሁም።

ከዚያ ማዶ ሄዳ ኪኒኑን አስቆመቻት፣ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ለመነቻት። ልብስ ሰፊዋ እሺ አለች፣ አልሄደችም። ደንበኛ የሸሻት ሰው አንድ ሰው ጨርቅ ይዞ ከመጣ ብላ በሯን ትጠብቃለች እንጂ ሰልፍ አትጠብቅም። ባለቦርሳዋ ስትወጣ ወደኔ ጎራ ብላ፣ ልጅዎ በየሳምንቱ እየደወለ ይጠይቀኛል፣ እኔ አልደውልለትም፣ ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም፣ እርስዎ ቢነግሩት ይሻላል አለችኝ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሳሉ የሳንባ እንዳልሆነ የማውቅ እኔ ነኝ። የኪኒን ነው ካልኩ፣ የማን ኪኒን ይባላል። የኔ ካልኩ ባለሱቋ ለልጄ ትደውላለች፤ ከወደቅኩ ጀምሮ ዓይንሽን ጣይባት ብሎ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቷታል። ልጄ ኪኒኔን እየሰጠሁ እንደነበር ከሰማ የትምህርት ቤቱን መዘጋት አይጠብቅም፤ ከዚያ በኋላ ያው ቡኒው በር ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ እኔ ቤቴ እቀራለሁ፣ እሷ ባዶ መኪና ስትረግጥ ትኖራለች። ባለቦርሳዋ ዝምታ አስተምራኛለች። ግን ለክንድ እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ሱቅ ሄድኩ። ሰው ከሥራ ሲመለስ ዳቦ የሚገዛበትን ሰዓት መርጬ፣ ሰልፉ መሃል ገብቼ ቆምኩ።

«የልብስ ሰፊዋ ሳል የሳንባ አይደለም» አልኩ። «የኔን የግፊት ኪኒን ውጣ ነው። የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ሳይታዘዝላት። እሷ ምንም የሚተላለፍ ነገር የለባትም። ጨርቃችሁን የወሰዳችሁ መልሱላት።»

ባለሱቋ ዳቦውን እንደያዘች አየችኝ። «እትዬ፣ ልጅሽ ይሄን ያውቃል?»

«አንቺ እያለሽ ሳያውቅ እንዴት ያድራል?» አልኳት። «ደውይለት። ስትደውይ ግን ሳንባ ብለሽ ያስወራሽውንም ንገሪው፤ ግማሽ ወሬ አላስተማርኩሽም።»

ሰልፉ ሳቀ። ባለሱቋም ሳትወድ በግዷ ከንፈሯ ትንሽ ፈታ አለ።

ሳሉ እያደር ተዋት። ከጨርቁ ግማሹ ተመለሰ፤ የትምህርት ቤቱ ሰውዬ ያለ መሐረብ መጣ፣ ዓይኗን ማየት ግን አልቻለም። ልጄም ደወለ። አልጮኸም። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ተዘጋጂ አለኝና ዘጋው። እኔ የተዘጋጀሁት ሌላ ነገር ነው።

ከቅዳሜ በፊት ባለቦርሳዋን ጠርቼ፣ ልብስ ሰፊዋ ጤና ጣቢያ እንዳልሄደች፣ ሰሞኑን ደግሞ ራሴን ራሴን እንደምትል ነገርኳት። እዚያው ፊቴ ለአለቃዋ ደወለች። አዎ ጌታዬ፣ ገብቶኛል ጌታዬ ስትል ስሰማ ስልኩን ከእጇ ወሰድኩት።

«ልጄ፣ እኔ ከድንገተኛ ክፍል ከወጡት አንዷ ነኝ» አልኩት። «ጎረቤቴ ገና አልገባችም፣ ልትገባ ነው። ታዲያ የምትለኩልን ከገባች በኋላ ነው ወይስ ከተቀበረች በኋላ?»

ሰውየው ጨዋ ነው፣ ድምፁም ያምራል። ሠራተኛ እንደሌለው፣ ሁሉን ሰው ለካን ካሉ የወደቁት ጋ እንደማይደርሱ፣ ደንቡንም እሱ እንዳላወጣው ቀስ አድርጎ ነገረኝ። እያንዳንዱ ቃል ልክ ነው፤ ቢደረደር ግን ውጤቱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ይሄንኑ ነገርኩት። ሳል አለና ሌላ ስልክ እየጠራ እንደሆነ ነገረኝ። ስልኩን መለስኩላት። ባለቦርሳዋ ቦርሳዋን ዘግታ፣ ቅዳሜ እርስዎን ለመለካት እመጣለሁ አለችኝ። ከዚያ በላይ አላለችም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ከጓደኛው የተዋሰውን ፒካፕ ይዞ መጣ። ሳመኝ፣ ከዚያ ፍራሼን መጠቅለል ጀመረ። እኔ ወንበሬን ይዤ ወጥቼ በሬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፍራሹ ወጣ፣ ብርድ ልብሱ ወጣ፣ ድስቶቼ ወጥተው ጋቢናው ውስጥ ታጨቁ። የቀረው ወንበሩ ነው፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ እኔ አለሁ። ሰፈሩ በየበሩ ቆመ። ባለሱቋ ሱቋን ክፍቱን ትታ መጣች።

«እማዬ፣ ተነሺ» አለኝ።

«ፍራሹን ውሰደው፣ ለልጆቹ ይሆናቸዋል። እኔ መሬት እተኛለሁ።»

«ኪኒንሽን ለሰው ስትሰጪ ነበር እኮ። እኔ እናቴን ልቅበር?»

እዚያች ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። ልጄ ጨካኝ አይደለም፣ ፈርቶ ነው፤ የፈራ ሰው እጁ የገባውን ይጭናል። ቢሆንም አልተነሳሁም።

«የተሳሳትኩት በኪኒኑ ነው» አልኩት። «እሱን አቁሜያለሁ፣ አሁን በየቀኑ የምውጠው እኔው ነኝ። በጎረቤቴ ግን አልተሳሳትኩም።»

ይሄን ስንባባል ባለቦርሳዋ ደረሰች። ፍራሹን አየች፣ መኪናውን አየች፣ ምንም ሳትጠይቅ ጠረጴዛ አስወጥታ ክንዴን አሳረፈችው። ዝም ይበሉ አለችኝ። እኔ ዝም ስል ሰፈሩም ዝም አለ፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ ያ መንገድ አያውቅም። ለካችና፣ ወርዷል አለች፤ የምንፈልገው ጋ ግን ገና አልደረሰም፣ እየወረደ ነው። ልጄ አልደረሰምን ሰማ፣ እኔ ወርዷልን ሰማሁ።

ያኔ ተነሳሁ። ልጄ የምሄድለት መስሎት እፎይ አለ። እኔ ግን ወደ ልብስ ሰፊዋ በር ነው የሄድኩት። ያን ቀን ጠዋት መርፌና ክር ይዛ መጥታ፣ እትዬ ክሩን አሾልኪልኝ፣ ቀዳዳው ጠፋኝ ብላኝ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ክር የምታሾልክ ሴት፣ ፊቴን በመነጽር የምፈልገውን አሮጊት እኔን አሾልኪልኝ አለችኝ። እጇን ይዤ አመጣኋትና ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳት።

«አሁን ለኪያት» አልኩ።

ባለቦርሳዋ አየችኝ። አለቃዋ የሚደውልበት ስልክ ኪሷ ውስጥ ነው፣ ደንቡም እዚያው ነው። አይሆንም ብትለኝ አልቀየማትም ነበር። ጎንበስ አለችና ጠመጠመችላት።

ነፋች። አስተነፈሰች። ቆይታ ሌላኛውን ክንድ ነፋች። ቁጥሩን ጮክ ብላ አልተናገረችም፣ ፊቷ ግን ተናገረ። ራስሽን ያምሻል ወይ አለቻት፤ ከትናንት ጀምሮ አልለቀቀኝም አለች። ዓይንሽስ አለቻት፤ አንቺም ራስሽ ሁለት ሆነሽ ነው የምትታዪኝ አለቻት። ባለቦርሳዋ ቀጥ ብላ ወደ ልጄ ዞረች።

«መኪናው የእርስዎ ነው? አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለባት።»

ልጄ እኔን አየ፣ ልብስ ሰፊዋን አየ። ከዚያ ሮጦ ፍራሹን ከመኪናው ላይ በራሱ እጅ ጎትቶ አወረደው። ድስቶቹን ከጋቢናው እያወጣ ሲያቀብል የተቀበለችው ባለሱቋ ናት፤ እውነቱን ለመናገር አንድ ክዳን አልወደቀባትም። ልብስ ሰፊዋ ልብሴን ልቀይር ስትል ማንም አልሰማትም። ከፊት እሷና ባለቦርሳዋ ገቡ፣ እኔ ከኋላ ወጣሁ። እማዬ ውረጂ አለኝ ልጄ። መውጣቱ ነው እንጂ የሚከብደኝ ከወጣሁ በኋላ አልወርድም፣ ንዳ አልኩት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ነው አለ። እኔ አስታማሚ አይደለሁም፣ የቤቱ ደንበኛ ነኝ ብዬው አለፍኩ። ውስጥ ያገኘናት ያችው ልጄን የገፋችው ነርስ ናት። ባለቦርሳዋ የለካችውን ስትነግራት ነርሷ ልብስ ሰፊዋን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ በእግሯ ነው የመጣችው፣ ወድቃ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች።

«አልወደቀችም» አልኳት። «ሳይቃጠል በቅጠል ብለን ነው ያመጣናት። መውደቅ ግዴታ ከሆነ ንገሩን፣ እዚሁ እንጥላት።»

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተሽከርካሪ ወንበር ሳበች። እንደገና ያ መነፋት፣ ያ መጠራራት። መጋረጃው ሲዘጋ ልብስ ሰፊዋ እጇን አውጥታ ጣቴን ያዘችኝ፤ የመርፌ ጠባሳ ያለበት ሻካራ እጅ ነው። ያን ያህል ስትፈራ አይቻት አላውቅም። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ግን እሷ እንዳታየኝ ስለ ጥበቃው ጫማ አወራኋት፤ አንዱ ጥቁር አንዱ ቡኒ ነበር። ሳትወድ ፈገግ አለች።

ኮሪደሩ ላይ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱና ሚስቱ ሥራ ሲውሉ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲውሉ፣ ያ ፎቅ ላይ እኔ ብወድቅ ማን እንደሚሰማ ሲያስብ እንደነበር ነገረኝ። አላሾፍኩበትም። ይሄን ለማለት ስንት እንደከበደው አይቻለሁ።

«ከዚህ ስትወጣ ማን ያያታል?» አለኝ።

«እኔ።»

«አንቺንስ?»

«እሷ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እሺ። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ።»

«ተዘግቶ እስኪከፈትም» አልኩት።

ዶክተሩ ወጥቶ በጊዜ ነው የደረሳችሁት፣ ትድናለች እስኪለን ድረስ በዚህ ስንከራከር ቆየን። ያን ዕለት ልጄ ፍራሼን መልሶ አነጠፈልኝ። አጣሞ ነው ያነጠፈው፣ አላቀናሁትም። ጨው የሌለው ምግቤንም አብሮኝ በላ፤ ፊቱን ባየሁት ጊዜ ግን ቤቱ ሄዶ ደግሞ እንደሚበላ ገባኝ።

ልብስ ሰፊዋ ሌላ ዓይነት ኪኒን ታዝዞላት ወጣች። አያሳላትም። እሷ የራሷን ትውጣለች፣ እኔ የራሴን፤ ጠዋት ግድግዳውን አንኳኩታ ዋጥሽ ወይ ትለኛለች፣ ዋጥኩ እላታለሁ። አሁን እሷም በደንቡ መሠረት ከድንገተኛ ክፍል የወጣች ሰው ናት፤ መለካት መብቷ ነው። እስኪ ይሄን ደንብ ያወጣውን ሰው አሳዩኝ፣ አንድ ሁለት ነገር የምነግረው አለኝ።

ባለቦርሳዋን አለቃዋ ተቆጥቷታል፤ ወረቀት ጽፎባት እንደሆነ ጠይቄያት ዝም አለች፣ እሷ ዝም ስትል አዎ ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ለሁለታችን ልትመጣ ስትል በሬ ላይ ወንበር ደርድሬ ጠበቅኳት። ከሱቁ፣ ከአከራዩ ቤት፣ ከየጎረቤቱ ያገኘሁትን ወንበር ሁሉ። ባለሱቋ እጅጌዋን ሰብስባ ፊት ተቀምጣለች፤ እናቷ በዚሁ በሽታ ነው የሞተችባት፣ እስከዛሬ ለማንም ነግራ አታውቅም። ከእሷ ቀጥሎ አከራዩ፣ ከሱ ቀጥሎ ደላላው፣ ሚስቱ የተመለሰችለት። ባለቦርሳዋ መንገዱ መሃል ቆመች።

እማማ፣ እኔ የመጣሁት ለሁለት ሰው ነው፣ አለቃዬ ይሄን ቢያይ ያባርረኛል አለችኝ። ቦርሳዋን ግን ከትከሻዋ አወረደች።

«ይምጣ» አልኳት። «ቤቴ እንደሆነ ማንም አላስለቀቀኝም፣ ወንበርም አለ። እሱንም እንለካዋለን።»